ሁለተኛዋ ሴትዮ

— ሄሎ... ሄሎ? ማን ልበል?... አንተ ነህ እንዴ! ይሄ የማን ስልክ ነው?... የአዳራሹ ጥበቃ? ያንተስ ምን ሆነ?... ባትሪው አለቀ። አንተ ዘንድ መቼ ሞልቶ ያውቃል። በል ቶሎ በል፣ ደጅ አስራ አንድ ሰው ተሰልፎልኛል፣ እኔ ደግሞ መርፌ ክፍል ገብቼ በሩን በጀርባዬ ደግፌ ነው የማወራህ።

— አይ፣ ምሳ አልበላሁም... አልበላሁም አልኩህ እኮ። አትጨቅጭቀኝ ማሙሽ።

— ምኑን?... የጥናትህን ውጤት? ጨረስከው እንዴ?... እና አሁን ነው የምትነግረኝ፣ ስብሰባው አንድ ሰዓት ሲቀረው?... እሺ፣ እሺ፣ ንገረኝ። ቆይ ልቀመጥ... አይ፣ አልቀመጥም፣ ቆሜ እሰማለሁ። በል።

— መጣሁ! አንድ ጊዜ ታገሱኝ!... አንተን አይደለም፣ በሩን እያንኳኩ ነው። ቀጥል።

— ድምፁን የሰማው አርባ ሁለት ሰው፣ እሺ... አርባ ሁለቱም እቤታቸው የሚያወሩት የእኛን ቋንቋ ነው? ሁሉም?... እሺ። እና አንዳቸውም የአንድ ሴት ድምፅ መሆኑን አላወቁም?... በመሃል የሌሎች ሴቶች ድምፅ ስለጨመርክበት። ብልጥ ነህ። እኔማ መጀመሪያ ስትነግረኝ የልጅ ጨዋታ ነበር የመሰለኝ። ያችኑ አንድ ገጽ — ተቅማጥ ለያዘው ልጅ ውሃውን አፍልተሽ፣ ጨውና ስኳሩን ለክተሽ — አንዴ በቢሮው ቋንቋ፣ አንዴ በእኛ አነበብኩልህ፣ አንተም የቢሮዋን አንደኛዋ፣ የእኛዋን ሁለተኛዋ አልካቸው፣ አለቀ። ለዚህ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ምን ያደርጋል ብዬ ነበር፣ እውነቴን ነው።

— "የተማረች ናት?" ለሚለው... በቢሮው ቋንቋ ያነበብኩት ከአምስት አራት ነጥብ ስድስት። ጎሽ። በእኛስ?... ስንት?... ሁለት ነጥብ አንድ? አንተ፣ ያችው እኔ ነኝ እኮ! ያው ዲፕሎማ! ያው አፍ!... አውቃለሁ፣ የጥናቱ ቁም ነገር እሱ እንደሆነ አውቃለሁ። እስቲ ትንሽ ልናደድ፣ ምናለበት።

— "ደግ ናት?"... እዚህ ላይ የእኛዋ በለጠች? አራት ነጥብ አራት። አዎና፣ ደግ ናት። ደግና ያልተማረች፣ እንደ አክስት።... አልሳቅኩም። ማን ሳቀ?

— ፀጉር አስተካካዩ?... ምን አለ?... "ሁለተኛዋን ባገባት ደስ ይለኛል፣ ልጄን ግን አንደኛዋ ትውጋው" አለ? ውይ፣ ይሄ ሰውዬ! ማክሰኞ ነው እግሩን የጠቀለልኩለት። ባሌ ቢሰማ ምን ይል ይሆን።

— እና የመጨረሻውስ? "ልጅህ ቢታመም ለየትኛዋ ትሰጣለህ" የሚለው?... ሄሎ? ትሰማኛለህ?... ንገረኛ!

— ሠላሳ ስምንቱ ለአንደኛዋ... ከአርባ ሁለቱ። አራት ሰው ብቻ ነው ልጁን ለእኔ... ማለቴ ለሁለተኛዋ የሚሰጠው።

— የለም የለም፣ ደህና ነኝ። እየተንጎራደድኩ ነው፣ የሚሰማህ የጫማዬ ድምፅ ነው። ከረፋድ ጀምሮ አንድ ቦታ መቆም አቅቶኛል።

— ምን አልክ?... ድገመው እስቲ። ድምፁን አዳራሹ ውስጥ ልታሰማቸው? አሰማ፣ እኔ ምን ቸገረኝ።... ከዚያስ?... "ሁለቱም አንዲት ሴት ናት፣ እሷም የጤና ጣቢያችሁ ነርስ ናት" ልትል? አንተ ልጅ፣ ጤና የለህም! አይሆንም። አይሆንም ብያለሁ። የፈረምኩልህ ወረቀት ስሜ አይጠቀስም ይላል፣ ራስህ ነህ ያነበብክልኝ።... ፈቃድ ልትጠይቀኝ እንደደወልክ ገብቶኛል፣ እኔም እየከለከልኩህ ነው። አበቃ።

— እትዬ እትዬ አትበለኝ። እትዬ ስትል ነገር እንዳለህ ከልጅነትህ ጀምሮ አውቃለሁ።

— ለምን? ለምን እንደሆነማ... አንተ አምስት ሳምንት ቆይተህ ድምፅ መቅጃህን ጠቅልለህ ትሄዳለህ። እኔ ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እዚሁ ወንበር ላይ ነኝ። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ በቢሮው ቋንቋ ብቻ ሳክማቸው ኖሬያለሁ። በፊቴ በእኛ ያወራሉ፣ እኔ እንዳልሰማ ሰው ካርድ አገላብጣለሁ። ስለ ዳሌዬ ሳይቀር አምተውኛል! አንዷማ "ይቺ ሴትዮ መርፌ ስትወጋ ሚስማር የምትመታ ነው የሚመስላት" ስትል ሰምቼ፣ ሳቄን በአፍ መሸፈኛዬ ነው የደበቅኩት። አሁን ተነስተህ "ከእናንተው ናት፣ ሁሉንም ስትሰማ ነበር" ልትላቸው? በየትኛው ዓይኔ ነው የማያቸው?

— እሱን አውቃለሁ። የመድኃኒት አወሳሰድ በሁለቱም ቋንቋ እንዲነገራቸው ዛሬ ይወሰናል ወይም ይቀራል፣ አውቃለሁ። የጤና ቢሮው ኃላፊስ ምን ይላል?... "ሕዝቡ ራሱ መቼ ጠየቀ" አለ። እውነቱን ነው እኮ፣ አልጠየቀም። ለሕዝቡ የተበተነው መጠይቅ ላይስ?... ከመቶ ሰባው "በቢሮው ቋንቋ ይሻለናል" ብሏል። እንግዲህ!

— እንግዲህ አልኩ እንጂ ልክ ናቸው አላልኩም።... አትቆጣኝ፣ ማሙሽ። ስማኝ። ዛሬ ጠዋት የሆነውን ልንገርህ፣ ከዚያ በኋላ ያሻህን ትላለህ።... እነግርሃለሁ፣ ግን አታቋርጠኝ።

— ማነው?... እማማ፣ የእርስዎን ግፊት ተረኛዋ ትለካልዎታለች፣ ሦስተኛው በር ነው። ሦስተኛው!... ሄሎ፣ አለህ?

— ሁለት ሰዓት ከሩብ ይሆናል፣ ገና ጋውኔን እየቆለፍኩ ነው። ያቺ ጡብ ማምረቻው የምትሠራዋ... አታውቃትም፣ ረጅም ናት፣ እጇ ላይ ሁልጊዜ ቀይ አቧራ አይጠፋም። ልጇን ታቅፋ እየሮጠች ገባች። የአስራ አራት ወር ልጅ፣ ሴት። አንገቷ ወዲያ ወዲህ ይላል። ስቀሰቅሳት ዓይኗን በግድ ትገልጥና መልሳ ትከድነዋለች።... አዎ፣ ትተነፍሳለች። ትኩሳትም የላትም። ተኝታ አልነቃ አለች ነው ነገሩ።

— ቅዳሜ ያየኋት እኔ ነበርኩ። ሰውነቷ ሽፍ ብሎ ያሳክካት ነበር፣ ያንን እንቅልፍ የሚያመጣውን ሽሮፕ ሰጠኋት። ለእናትየው አስረድቻታለሁ፣ በቢሮው ቋንቋ፣ ቀስ ብዬ። ሁለት ሚሊ ተኩል፣ ጠዋትና ማታ፣ በዚህ መለኪያ። ገባሽ? ገባኝ ሲስተር። አለቀ። እኔም ደግመሽ ንገሪኝ አላልኳትም፣ ሰልፉ በር ሰብሮ ሊገባ ነው።

— ዛሬ እጠይቃታለሁ። "ሽሮፑን ሰጥተሻታል?" "አዎ ሲስተር።" "ሁለት ሚሊ ተኩል?" "አዎ ሲስተር።" "ከዚያ አላስበለጥሽም?" "አዎ ሲስተር።" "ወድቃ ነበር?" "አዎ።" "አልወደቀችም?" "አዎ።"... አትሳቅ! ላብ በጀርባዬ እየወረደ ነው እኔ! አንገቷን ትነቀንቃለች፣ ዓይኗ ግን አፌ ላይ ተተክሏል፣ ከአፌ የሚወጣውን በእጇ ልትይዘው የፈለገች ነው የምትመስለው። ጤና መኮንኑ በዚያ በኩል "ምን ወሰደች? ስንት ወሰደች?" እያለ ይጮህብኛል። እኔ ምን ብዬ ልመልስለት? "አዎ" ብዬ?

— ከዚያ አመለጠኝ። ሳላስበው በእኛ ቋንቋ "እስቲ በምን እንደሰጠሻት አሳዪኝ!" አልኳት። በጩኸት ነው ደግሞ፣ እናታችን ድስቱ ሲገነፍልባት እንደምትጮኸው።

— ወዲያው እጇን ኪሷ ከትታ የሻይ ማንኪያ አወጣች። ይዛው መጥታለች፣ ገባህ? ልትነግረኝ ፈልጋ ከቤቷ ይዛው መጥታለች፣ ግን በምን አፏ ትንገረኝ? "በዚህ ሁለት ተኩል" አለችኝ። ከቅዳሜ ማታ ጀምሮ፣ ጠዋትና ማታ። አምስት እጥፍ ማለት ነው ማሙሽ! "ሁለት ተኩል" የምትለዋን ብቻ ነው የያዘቻት፣ ሚሊውን ከየት ታምጣው። መለኪያውን ደግሞ የጠርሙሱ ትርፍ ክዳን ነው ብላ ለትልቋ ልጅ መጫወቻ ሰጥታታለች።

— አሁንማ ደህና ናት። ደህና ናት አልኩህ፣ አትደንግጥ። ጤና መኮንኑ ሆስፒታል ደውሎ አማከረ፣ ግሉኮስ ሰቀልንላት፣ ከአልጋዋ ሥር ሳንነቃነቅ ጠበቅናት። አምስት ሰዓት ሲሆን ዓይኗን ገልጣ አለቀሰች። እንዴት ያለ ለቅሶ መሰለህ! ጽዳቷ ሳትቀር መጥረጊያዋን ይዛ ልታይ መጣች። አሁን አጠገቤ ያለው ክፍል ናቸው፣ እስከ ማታ እናቆያቸዋለን።

— አዎ፣ ተመስገን። ግን እንዲህ የሚያንገበግበኝ እሱ አይደለም። ቆይ... ሄሎ? እየተቆራረጠብኝ ነው። ወደ መስኮቱ ልጠጋ። አሁንስ?... እሺ።

— ልጅቷ ከነቃች በኋላ አልጋው ጫፍ ላይ አብረን ተቀመጥን። በእኛ ነው የምናወራው፣ ሳላስበው በዚያው ቀጥያለሁ። ሴትየዋ ሌላ ሰው ሆነችብኝ። ታወራለች፣ ትቀልዳለች፣ ስለ አለቃዋ እያነሳች ታስቀኛለች፣ ይቺ ስንት ዓመት "አዎ ሲስተር" ስትል የኖረች ሴት! ከዚያ በመሃል ምን አለችኝ? "ባለፈው አንድ ተማሪ እቤት መጥቶ የሴቶች ድምፅ አሰምቶኝ ነበር።"... አዎ! ከአርባ ሁለቱ አንዷ ናት!... ኧረ እኔ አልጠየቅኳትም፣ ራሷ ናት ያነሳችው። "አንደኛዋ ሐኪም ናት፣ ያስታውቃል፣ ልጄን ለእሷ ነው የምሰጠው አልኩት" አለች። "ሁለተኛዋ ደግሞ ልክ እንደኔ ነው የምታወራው። እንደኔ የምታወራ ምን ታውቃለች?"

— አዎ። ልክ እንዲህ ነው ያለችው። "እንደኔ የምታወራ ምን ታውቃለች።"... ጻፈው። ከነነጥብህ ሁሉ እሱ ይበልጣል... አይ፣ ቆይ፣ አትጻፈው። እሷን ሳንጠይቅ አይሆንም።

— ከዚያማ ትክ ብላ አየችኝ። "ሁለተኛዋ አንቺ ነሽ" አለች። መጠየቋ አይደለም፣ ለይታኛለች።... እኔ? እኔማ...

— ተነሳሁ። ጋውኔን አስተካከልኩ። በቢሮው ቋንቋ "አይ፣ ተሳስተሻል" አልኳት።

— ስደበኝ ከፈለግክ።... እሷ ምን አለች? ምን ትላለች። ፊቷ እዚያው ተዘጋ። "እሺ ሲስተር" አለች፣ እሷም በቢሮው ቋንቋ። እኔ ቆሜ ሽሮፑ እንዲቆም፣ ማታ እቤት ስትገባ ምን ምን እንደምትጠብቅ፣ ምን ካየች እየሮጠች እንደምትመጣ ዘርዝሬ ነገርኳት። "አዎ ሲስተር፣ አዎ ሲስተር" አለችኝ። አንዱም እንዳልገባት እያወቅኩ ወጣሁ፣ ማሙሽ! ልጇን ላሳጣት ነበር፣ በዚያው ቀን፣ ምሳ ሰዓት እንኳ ሳይደርስ ያንኑ ደገምኩት።

— ከዚያ ወዲህ ነው መቀመጥ የከለከለኝ። የአንዱን ካርድ ለአንዱ ሰጠሁ፣ እጄን ሦስቴ ታጠብኩ፣ ሁለቴ እሷ ክፍል በር ድረስ ሄጄ ተመለስኩ።... ለምን እንደካድኩ? እኔስ መቼ አወቅኩት።

— ሥራ የጀመርኩ ለት፣ የክፍሉ ኃላፊ የነበሩት ሲስተር፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ለአንድ በሽተኛ በእኛ ስናገር ሰሙኝና ወደ ጓዳ ጠሩኝ። ተቆጥተው እንኳ አይደለም። "የኔ ልጅ፣ እንዲያከብሩሽ ከፈለግሽ እዚህ በዚያ አታውሪ" አሉኝ። የሚገርምህ እሳቸውም ከእኛው ነበሩ። ለቅሷቸው ላይ ነው ያወቅኩት፣ እህቶቻቸው በእኛ ሲያለቅሱ።

— እናታችንስ? ታስታውስ እንደሆነ... አንተ የት ታስታውሳለህ፣ ጀርባዋ ላይ ነበርክ። እቤት ስትጣራ ሦስተኛ ቤት የምትሰማ ሴት፣ ካርድ ክፍሉ መስኮት ጋ ስንደርስ ድምጿ ይጠፋል። እኔን በክርኗ ትገፋኛለች፣ አንቺ ንገሪው ብላ። የሰባት ዓመት ልጅ ነኝ፣ አገጬ መስኮቱ ላይ አይደርስም። ጣቴን እያወራጨሁ የእናቴን ሆድ ሕመም ለማላውቀው ሰው አስረዳለሁ። ሰውየው ደግሞ ይስቃል። ካደግኩ ከመስኮቱ ወዲያ በኩል ነው የምቀመጠው ያልኩት ያን ጊዜ ነው።... አዎ፣ ተቀመጥኩ። ተቀምጬስ?

— እኔና አንተስ? ልብ ብለሃል፣ ከደወልክ ጀምሮ በየትኛው ነው የምናወራው?... አየህ። በቢሮው! እህትና ወንድም!... ሰው አጠገብህ ስላለ ነው? ማን?... ጥበቃው? ጥበቃውም የእኛው ሰው ነው እኮ፣ ክንዱ የወለቀ ጊዜ ያሰርኩለት እኔ ነኝ። ሰላም በልልኝ።... በምን? በፈለግከው በላ!

— አሁን ስንት ደቂቃ ቀረህ?... አርባ። ኃላፊው ገብቷል?... ፊት ወንበር ላይ። እሺ። እንግዲህ ስማኝ። ድምፁን አሰማቸው። የአንዲት ሴት ነው በላቸው። የማን እንደሆነ ግን አትናገር። እኔ... ሰልፉን ለተረኛዋ አስረክቤ እመጣለሁ። ከኋላ እቀመጣለሁ። ከሆነልኝ እጄን አወጣለሁ። ካልሆነልኝ ደግሞ አታስገድደኝም፣ ወደ እኔም አትመለከትም።... ቃልህ ነው?... እንደሱ አይደለም፣ ቃሌ ነው በል።

— ማነው? ግቢ፣ ክፍት ነው... ምነው ተነሳሽ? ልጅቷስ?... ተኛች? እንዴት ያለ መተኛት ነው?... ጡት ጠብታ ነው የተኛችው። እሺ፣ እሱ ጤና ነው። ሲነኳት ትነቃለች?... ጥሩ። መጣሁ፣ ስልክ ላይ ነኝ።

— ማሙሽ፣ እሷ ናት።... ጡብ ሠሪዋ፣ ማን ትሆናለች። በሩ ላይ ቆማለች። "ሲስተር... ማታ... መድኃኒት... ምን?" አለችኝ፣ በዚያው በቢሮው፣ ቃል በቃል እየለቀመች። አልገባኝም ልትለኝ ነው የመጣችው። እኔ ሁለቴ ሄጄ ከበሩ የተመለስኩትን እሷ መጣች።

— ቆይ። አትዝጋው። ዝም ብለህ ጠብቀኝ።

— ነይ፣ ግቢ። በሩን መልሺው።... ቅድም ዋሽቼሻለሁ። ሁለተኛዋ እኔ ነኝ።... አዎ። አንደኛዋም እኔ ነኝ።... ሁለቱም። አንድ ሰው ነን፣ ማለቴ አንድ ሰው ነኝ። ያ ተማሪ ወንድሜ ነው።

— ሄሎ... ነገርኳት። በእኛ ነው የነገርኳት፣ ሰማህ አይደል?

— ምን አልሽ?... አዎ፣ አስራ አንድ ዓመት።... እሰማ ነበር። ሁሉንም።... ለምን? እ... የማይረባ ምክንያት ነው። እንዳትንቁኝ ፈርቼ ነው።... ተቆጪ፣ እውነትሽን ነው።

— ተቆጥታለች፣ አዎ። ደግሞም ልክ ናት። አይ፣ አልወጣችም። ወንበሩን ሳበች። ተቀመጠች። ቆይ፣ እያወራች ነው...

— ቀስ በይ፣ ቀስ በይ እህቴ። ከየት ጀምሮ ነው ያልሽኝ?... እሱም?... እሱም አልገባሽም ነበር?

— ሄሎ፣ አለህ? ምን እንደምትለኝ ስማ። ለትልቋ ልጇ በአፍ የሚሳበውን የአስም መድኃኒት የሰጠኋት ከሦስት ዓመት በፊት ነው። እስከ ዛሬ ትራሷ ላይ ነው የምትረጭላት! ክንዷ ውስጥ የቀበርኩላት የወሊድ መከላከያ መቼ እንደሚወጣ አታውቅም፣ ለዕድሜ ልክ መስሏት ነበር። ለደም ማነስ የሰጠኋትን ክኒን ፈርታው ሳጥን ውስጥ አስቀምጣዋለች። "እስከ ዛሬ የነገርሽኝን ሁሉ፣ ከመጀመሪያው ጀምረሽ፣ በዚህ ንገሪኝ" ነው የምትለኝ።

— እንዴት ብዬ እመጣለሁ አሁን! ብዙ ነው፣ ካርዷ እንዲህ ወፍሮ... አልደርስም ማሙሽ።... አልደርስም አልኩህ። አንተው ንገራቸው።... አዎ። ማን እንደሆነች ንገራቸው፣ ከነስሜ፣ ከነአባታችን ስም። ሊቆጣኝ የሚፈልግ ካለ የት እንዳለሁ ያውቃል።

— እሺ። አይዞህ አንተም። በል ሂድ፣ ይሄን የሰው ስልክ መልስ።

— መጣሁ እህቴ፣ ይሄን ልዝጋው። የልጅቷን የማታውን እናስቀድም፣ ከዚያ ወደ አስሙ እንመለሳለን። እኔ ስጨርስ ደግሞ አንቺ መልሰሽ ትነግሪኛለሽ፣ እሺ?